አንድ ኮንቴይነር ቦሎቄ ስንት ተማሪ ያበላል?

በጥቅምትና በኅዳር ከመቂ፣ ከባቱና ከአርሲ ነገሌ በኩል የሚመጣ የጭነት መኪና ሞጆ ሲደርስ መንገድ ይመርጣል። ወደ ግራ አዲስ አበባ፣ ወደ ቀኝ አዳማና ጅቡቲ። በዚያ ወቅት ከሚጫነው እህል አንዱ ነጭ ቦሎቄ ነው። መጋዘን ገብቶ ይበጠራል፣ ይለቀማል፣ በኮንቴይነር ታሽጎ ባሕር ይሻገራል። አውሮፓ ሲደርስ ፋብሪካ ገብቶ በቲማቲም ስጎ ይበስልና በቆርቆሮ ይታሸጋል። እንግሊዞች ጠዋት በተጠበሰ ዳቦ ላይ አፍስሰው የሚበሉት የዚህ ዓይነቱን ቦሎቄ ነው።

መኪናው ካለፈበት አስፋልት ትንሽ ገባ ሲባል ትምህርት ቤት አለ። ቁርስ ሳይቀምስ የመጣ ልጅ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ራሱን ዴስክ ላይ ይጥላል። መምህሩ “ሰነፍ” ይለዋል፣ ጓደኞቹ “እንቅልፋም” ይሉታል። ልጁ ግን ሰነፍም እንቅልፋምም አይደለም፤ ርቦታል። አበው “የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው” ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው። የቦሎቄ አገር ልጅ ሆዱ ባዶ ሆኖ ይማራል።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። ሞጆ፣ አዳማ፣ መቂና ባቱ በዙሪያቸው የሚበቅለውን ቦሎቄ በትምህርት ቤቶቻቸው ድስት ውስጥ ለመጨመር ምን ጎደላቸው? እህሉ አለ። ድስቱ አለ። ብዙ ሰው የማብላት ሙያም አለ። የጎደለው ውሳኔና የበጀት መስመር ነው።

እህሉ

ቦሎቄ መነሻው የአሜሪካ አህጉር ነው። የስምጥ ሸለቆ ገበሬ ግን የራሱ ካደረገው ቆይቷል። ምክንያቱ ዝናቡ ነው። በዚህ አካባቢ ዝናብ ዘግይቶ ይጀምርና ሳይታሰብ ይቋረጣል። ቦሎቄ በክረምቱ አጋማሽ ተዘርቶ በሦስት ወር ገደማ ስለሚደርስ ረጅም ጊዜ ከሚፈልግ ሰብል የተሻለ ዕድል አለው። ሌላው እህል ገና ከማሳ ሳይነሳ፣ ጎተራው በተራቆተበት ሰዓት ለገበሬው ጥሬ ገንዘብ ያመጣለታል። ለመሬቱም ናይትሮጅን ይመልስለታል።

ከአዳማ ብዙም ሳይርቅ የሚገኘው የመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል በዚህ ሰብል ላይ ለአሥርት ዓመታት ሠርቷል። ሜክሲካን 142 የሚባለው ነጭ ዝርያ የውጭ ገበያውን ለረጅም ጊዜ ተሸክሞ ኖሯል። ከእሱ በኋላ አዋሽ 1 እና አዋሽ መልካ መጡ፤ ከቀዮቹ ደግሞ ናስር ታወቀ። በሌላ አነጋገር የዘሩ እውቀት ከሞጆ የአንድ ሰዓት መንገድ በማይሞላ ርቀት ላይ ተቀምጧል።

ችግሩ ነጩ ቦሎቄ ዋጋ የሚወጣለት በሩቅ ፋብሪካ መስፈርት መሆኑ ነው። ፍሬው እኩል ይሁን፣ ይንጣ፣ ቆርቆሮ ውስጥ አይፈራርስ ይባላል። መስፈርቱ በራሱ መጥፎ አይደለም፤ ገበሬውንም ጠቅሞታል። ግን ከጊዜ በኋላ ነጭ ቦሎቄ “የሚሸጥ እንጂ የሚበላ አይደለም” የሚል ስሜት አስከትሏል። እቤት የሚቀረው ጥቂቱ ከበቆሎ ጋር ተቀቅሎ ንፍሮ ይሆናል። ሌላው ይሸጣል። በሽያጩ ገንዘብ ደግሞ ዘይት፣ ስኳርና ማካሮኒ ይገዛል። የቤቱ ገበታ ከማሳው ያነሰ ምግብ የያዘ ይሆናል ማለት ነው።

ድስቱ

ብዙ ሰው ማብላት ለኢትዮጵያ ከተሞች አዲስ ነገር አይደለም። ሞጆ ላይ ሰው ሲያርፍ የእድሩ ጡሩምባ ይነፋል፣ ድንኳን ይተከላል፣ አግዳሚ ወንበር ይደረደራል፣ ከዕቃ ቤት ጎላው ይወጣል። ንፍሮው ይቀቀላል፣ ሽንኩርቱ ይከተፋል። ከሴቶቹ አንዷን “ለሁለት መቶ ሰው ስንት ኪሎ ምስር ይበቃል?” ብሎ የጠየቀ ወረቀትና እስክሪብቶ ሳትፈልግ ትመልስለታለች። ምን ያህል እንጨት እንደሚፈጅ፣ ውኃው መቼ እንደሚጨመር፣ ድስቱ ከታች እንዳይዝ ስንቴ መማሰል እንዳለበት ታውቃለች።

ይህን እውቀት አገሪቱ ለሐዘንና ለድግስ ብቻ አስቀምጣዋለች። በየሰፈሩ ተቆልፈው የሚቀመጡት ትልልቅ ድስቶች ሰው እስኪሞት ወይም እስኪያገባ ይጠብቃሉ። በቀረው ጊዜ አቧራ ይጠጣሉ።

በሕንድ አምሪትሳር የሚገኘው የሲኮች ወርቃማው ቤተ መቅደስ በየቀኑ በአሥር ሺዎች ለሚቆጠሩ ሰዎች ሃይማኖትና ዘር ሳይጠይቅ በነፃ ያበላል። የገበታው መሠረት በግዙፍ ድስት የሚበስል ጥራጥሬ፣ ዳል የሚሉት ነው። ሥጋ አይቀርብም። ምክንያቱ ዋጋው ብቻ አይደለም፤ የመጣው ሰው ሁሉ ያለ ጥርጣሬ አብሮ እንዲበላ ነው።

ይህ ነጥብ ለኢትዮጵያ ይበልጥ ይሠራል። ድግስ የደገሰ ሁሉ እንደሚያውቀው ሥጋ ሲመጣ ድስቱ ለሁለት ይከፈላል፤ የክርስቲያን አለ፣ የሙስሊም አለ። ቅቤና ወተት ሲመጡ ደግሞ ረቡዕና ዓርብ፣ ሁዳዴና ፍልሰታ አሉ። ሞጆን በመሰለች ኦርቶዶክሱ፣ ሙስሊሙና ፕሮቴስታንቱ አንድ ክፍል ውስጥ በሚማርባት ከተማ ልጆችን በምሳ ሰዓት መለያየት ማንም የሚመኘው አይደለም። በዘይት የተሠራ የቦሎቄ ሾርባ ይህን ጥያቄ ከነጭራሹ ያስቀራል። የጾም ነው፤ ለሁሉም ይሆናል። በረመዳን የሚጾም ተማሪ ቢኖር እንኳን ሾርባ ለማፍጠሪያ የተለመደ ነው፤ ድርሻውን በዕቃ ይዞ መሄድ ይችላል።

አሠራሩ

“ቦሎቄ መቀቀል ምን ክህሎት ይጠይቃል?” የሚል አይጠፋም። ለአምስት ሰው ብዙም አይጠይቅም። ለ300 ተማሪ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ መርሃ ግብሮች የሚወድቁትም እንዲህ ያለው ዝርዝር ሲናቅ ነው።

ለአንድ ተማሪ 60 ግራም ደረቅ ቦሎቄ ቢታሰብ ለ300 ተማሪ 18 ኪሎ ይሆናል። ሲበስል ክብደቱ ከእጥፍ በላይ ያድጋል። አትክልቱና መረቁ ሲጨመሩ ለእያንዳንዱ 300 ሚሊ ሊትር፣ ለሁሉም 90 ሊትር ሾርባ ይወጣል። ሁለት ጎላ ማለት ነው። ደረቅ ቦሎቄ ከአምስት እጅ አንድ እጁ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ፕሮቲን ስለሆነ በዚያ ሰሃን ውስጥ 12 ወይም 13 ግራም ፕሮቲን አለ። ለ7 ዓመት ልጅ ይህ የቀኑን ፍላጎት ግማሽ ያህል ይሸፍናል። ከዳቦ ወይም ከእንጀራ ጋር ሲበላ ደግሞ ጥራጥሬው የጎደለውን እህሉ፣ እህሉ የጎደለውን ጥራጥሬው ይሞላል።

ሥራው የሚጀምረው ከዋዜማው ነው። ቦሎቄው ተለቅሞና ታጥቦ፣ ሦስት እጥፍ ውኃ ተደርጎበት ማታውን ያድራል። ጠዋት የዘፈዘፈው ውኃ ይደፋና በአዲስ ውኃ ይጣዳል። ይህን እርምጃ መዝለል ማገዶም ጊዜም ያስበላል። ሞጆ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውኃ እዚያ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ ማንኛውም ጥራጥሬ ከቆላው ይልቅ እዚያ ይዘገያል። ሳይዘፈዘፍ የተጣደ ቦሎቄ ረፋዱን ሁሉ እሳት ሲበላ ውሎ የምሳው ደወል ሲደወል ገና ጥርስ ያነቃንቃል።

የመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች በኃይል መፍላት አለበት። በተለይ ቀዩ ቦሎቄ በደንብ ካልፈላ ሆድ የሚያውክና የሚያስመልስ የተፈጥሮ መርዝ አለው፤ በለስላሳ እሳት ለብ ብሎ መዋሉ አይበቃውም። ከዚያ እሳቱ ይቀነሳል። በሌላ ድስት ሽንኩርቱ በዘይት ይቁላላል፤ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና እርድ ይገባበታል፤ ካሮትና ድንች ይከተላሉ። ቲማቲም የሚገባው ቦሎቄው ከለሰለሰ በኋላ ብቻ ነው። ቀድሞ ከገባ ኮምጣጣነቱ ፍሬውን ያደርቀዋል፣ የፈለገ ያህል እንጨት ቢነድ አይበስልም። መጨረሻ ላይ ከበሰለው ቦሎቄ አንድ አምስተኛው ተደፍጥጦ ሲመለስ ሾርባው ራሱ ይወፍራል። ዱቄት ማባከን አያስፈልግም።

አትክልቱን በተመለከተ ሞጆ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የሞጆ ወንዝ በቆዳ ፋብሪካዎችና በሌሎች ፍሳሾች መበከሉ ተደጋግሞ የተጠና ጉዳይ ነው፤ በወንዙ ዳር ደግሞ አትክልት ይለማል። ለትምህርት ቤት የሚገዛ ጎመንና ካሮት በየትኛው ውኃ እንደለማ መጠየቅ ቅንጦት አይደለም። ቦሎቄው በክረምት ዝናብ የሚበቅል መሆኑ በዚህ ረገድ አንድ ጭንቀት ይቀንሳል።

ሂሳቡ

አሁን ወደ ኮንቴይነሩ እንመለስ። ሾርባው በሳምንት 3 ቀን ይቀርባል እንበል፤ በቀሩት ቀናት ሌላ ምግብ ይኖራል። የትምህርት ዘመኑ 36 ሳምንት ቢታሰብ 108 ቀን ይሆናል። 300 ተማሪ ያለው ትምህርት ቤት በዓመት የሚያስፈልገው 1,944 ኪሎ፣ በገበሬ ቋንቋ 20 ኩንታል የማይሞላ ቦሎቄ ነው። በሄክታር 15 ኩንታል ይገኛል ብለን በጥንቃቄ ብናሰላ ለአንድ ትምህርት ቤት ከአንድ ሄክታር ተኩል ያነሰ መሬት ይበቃዋል።

3,000 ተማሪ ቢሆንስ? 19 ቶን ተኩል ገደማ። አንድ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር ከዚህ የበለጠ ይጭናል። ባጭሩ አንድ ኮንቴይነር ቦሎቄ 3,000 ተማሪዎችን በሳምንት 3 ቀን፣ ዓመቱን ሙሉ ያበላል። የሞጆ ደረቅ ወደብን አጥር ታክኮ ያለፈ ሰው አንድ ኮንቴይነር በዚያ ክምር ውስጥ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ያውቃል።

ይህ ሂሳብ የመጀመሪያውን ተቃውሞ ይመልሳል። “ቦሎቄ የውጭ ምንዛሪ ነው፤ ለአገር ውስጥ ከዋለ ዶላር ይቀንሳል” ይባላል። ምንዛሪው እውነት ነው፤ ማንም ገበሬ መላኩን ያቁም አላለም። የሚጠየቀው ከብዙው ጥቂቱ ነው። ደግሞም ያልበላ ልጅ የሚደግመው ክፍል፣ የሚያቋርጠው ትምህርት፣ መምህር በባዶ ሆድ ፊት የሚያጠፋው ሰዓት ሁሉ ወጪ ነው። በዶላር ስለማይጻፍ ብቻ ከሂሳቡ ይወጣል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ማገዶ ነው፤ ይህኛው ከባድ ነው። በስምጥ ሸለቆ ዛፍ የቀረው ጥቂት ነው። ግራሩ ለከሰል ሲቆረጥ የኖረበት አካባቢ ላይ በየትምህርት ቤቱ ሦስት ጉልቻ ማንደድ አንዱን ችግር በሌላ መቀየር ነው። መልሱ ግን ምግቡን መተው አይደለም። ቦሎቄውን ማሳደር አንዱ ነው። ክዳን የሚገጥም ድስትና ሙቀቱን የማያባክን የተሻሻለ ምድጃ ሌላው ነው። ምድጃው ከሾርባው በፊት መገዛት አለበት። ብዙ ጊዜ የሚደረገው የተገላቢጦሹ ነው፤ እህል ይመጣል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ወጥ ቤቱ ግን በቆርቆሮ የተጋረደ ጭስ ሆኖ ይቀራል።

ሦስተኛው ተቃውሞ በአደባባይ አይነገርም፤ ግን አለ። “ልጄን ቦሎቄ ልታበሉት ነው?” የሚል ቅሬታ። ቦሎቄ የችጋር ምግብ ተደርጎ የሚታይበት ቤት ብዙ ነው። የሚገርመው ያው ቦሎቄ በቆርቆሮ ታሽጎ፣ ባዕድ ጽሑፍ ተለጥፎበት ከውጭ ሲመጣ በአዲስ አበባ ሱፐርማርኬት መደርደሪያ ላይ የባለገንዘብ ዕቃ መሆኑ ነው። ይህ አመለካከት በስብከት አይለወጥም። ሾርባው ሲጣፍጥ፣ መምህሩም ከተማሪው ጋር ከአንድ ድስት ሲበላ ይለወጣል።

ከማን ይጠበቃል?

የትምህርት ቤት ምገባ በኢትዮጵያ ከዚህ ቀደም ያልተሞከረ ነገር አይደለም። አዲስ አበባ በ2012 ዓ.ም. አካባቢ በከተማ አስተዳደሩ በጀት በሰፊው የጀመረችው ምገባ ዛሬ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎችን ይደርሳል። “መጋቢ እናቶች” የሚባሉ ሴቶችም የሥራ ዕድል አግኝተውበታል። በኦሮሚያም ምገባው በመንግሥትና በማኅበረሰብ መዋጮ ሲስፋፋ ቆይቷል። ጅምሩ ሊመሰገን ይገባዋል። ነገር ግን በመዋጮ የቆመ ድስት መዋጮው ሲደክም አብሮ ይበርዳል። ድርቅ በሆነበት ዓመት ገበሬው የሚያዋጣው አይኖረውም፤ ልጆቹ ደግሞ ከምንጊዜውም በላይ የሚራቡት በዚያው ዓመት ነው።

በውጭ እርዳታ መተማመንም ወዴት እንደሚያደርስ ታይቷል። በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. የዓለም ምግብ ፕሮግራም በገንዘብ እጥረት ምክንያት በኢትዮጵያ ለ650 ሺህ በምግብ እጥረት የተጎዱ ሴቶችና ሕፃናት የሚሰጠውን ሕክምና ሊያቋርጥ እንደሆነ አስታውቋል። የአንድ ሩቅ አገር ምክር ቤት በጀት ሲቀንስ እዚህ ሰሃን ይጎድላል። የትምህርት ቤት ምሳ በዚያ ገመድ ላይ መንጠልጠል የለበትም።

ብራዚል ሌላ መንገድ ሄዳለች። እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣችው ሕግ የፌዴራሉ መንግሥት ለትምህርት ቤት ምግብ ከሚመድበው ገንዘብ ቢያንስ 30 በመቶው ከቤተሰብ ገበሬዎች በቀጥታ ግዢ እንዲውል አስገደደች። ሩዝና ቦሎቄ የብራዚላዊ የዕለት ምግብ ስለሆነ የገበሬው ማሳና የልጁ ሰሃን በሕግ ተገናኙ። ለኢትዮጵያ የሚጠቅመው ትምህርት ቁጥሩ ላይ አይደለም፤ የአካባቢው ገበሬ የትምህርት ቤቱ ገዢ መኖሩን አስቀድሞ አውቆ መዝራቱ ላይ ነው።

ስለዚህ የሞጆ፣ የአዳማና የአጎራባች ከተሞች አስተዳደሮች አራት ነገር ሊያደርጉ ይችላሉ። አንደኛ፣ ከአካባቢው የገበሬ ማኅበራት ጋር ከዘር በፊት የግዢ ውል መፈራረም። ለልጆች የሚገዛውም ለፋብሪካ ከተመረጠው ጋር እኩል ይሁን፤ ከወንፊት የተረፈው ስብርባሪ የልጅ ድርሻ አይደለም። ሁለተኛ፣ ምድጃ፣ ንጹሕ ውኃና ክዳን ያለው ድስት ከእህሉ በፊት ማሟላት። ሦስተኛ፣ ለሚያበስሉት ሴቶች ተገቢ ደመወዝ መክፈል። ለ300 ሰው ሾርባ የሚሠራ ሰው ባለሙያ ነው፤ “እናትነት ነው” ተብሎ በምስጋና ብቻ የሚሸኝ አይደለም። አራተኛ፣ ቁጥጥሩን ለእድሮች መስጠት። እድር በሕዝብ ሳንቲም ሲሠራ የኖረ፣ አንድ ሰሃን ቢጎድል መዝገብ የሚያገላብጥ ተቋም ነው። ስንት ኪሎ ገባ፣ ስንት ሰሃን ወጣ የሚለውን ከማንኛውም ኮሚቴ ይልቅ እሱ ያውቅበታል።

ይህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ ይፈልጋል የሚል ካለ ከአንድ ሄክታር ተኩል መሬትና ከሁለት ጎላ ይጀምር። አንድ ትምህርት ቤት፣ አንድ ዓመት። ልጆቹ ስንት ቀን ቀሩ፣ ስንቶቹ ክፍል ደገሙ የሚለው ከመዝገብ ላይ ይታያል። ካልሠራ ይቀራል፤ ከሠራ ለቀጣዩ ትምህርት ቤት ማስረጃ ይሆናል።

ቀኑ ግን አይጠብቅም። በስምጥ ሸለቆ ቦሎቄ የሚዘራው ክረምቱ ከገባ በኋላ ነው። ገበሬው ለማን እንደሚሸጥ ማወቅ ያለበት ከዚያ በፊት፣ ቢያንስ በግንቦት ነው። ያኔ ውል ያልያዘ ከተማ ጥቅምት ላይ ቦሎቄውን የሚያየው እንደ ወትሮው ነው፤ በጭነት መኪና ላይ፣ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ።